የቁርቁራው ጥላና የተቃጠለው ኪስ

በአገራችን ሲጋራ የሚደበቀው ከትልቅ ሰው እንጂ ከትንሽ ሰው አይደለም። ልብ ብላችሁት ከሆነ፣ ጎልማሳው አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጢሙ ገብስማ ሆኖ እንኳ አባቱ ከማዶ ብቅ ካለ ሲጋራውን ወይ ከጀርባው ይሸሽጋል፣ ወይ በጫማው ይደፈጥጣል፣ የባሰ ቀን ደግሞ እንደነደደ ኪሱ ይከታል። የአባትየው ሳንባ እንደሆነ የሚያገለግለውን አገልግሎ አንድ ሐሙስ የቀረው ነው፤ ቢጨስበት ባይጨስበት ብዙም አይገደው። የሚከበረው ግን እሱ ነው። የፊት ጥርሱ ወልቆ ገና ያልበቀለለት የአንደኛ ክፍል ተማሪ በዚያው መንገድ ሲመጣ ጭሱን የሚሰበስብ የለም። እንዲያውም አፉን አሞጥሙጦ በጭስ ቀለበት እየሠራ ልጅ የሚያስቅ አይቻለሁ፤ ለሚስቱ ቀለበት ያላሰረ ሰውዬ!

«አንቺ ደግሞ ይህን በምን አወቅሽው?» የሚል አይጠፋም። ሥራዬ ነዋ። ቆቦ ውስጥ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ዋናው እንጀራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። በመሃል በመሃል የአባቶችም ኮትና ሱሪ ይመጣልኛል፤ ስለዚህ ኪስ ስገለብጥ ነው የምውለው። ሌላው ሰው ሰውን በፊቱ ያውቀዋል፣ እኔ በኪሱ ገበር። ከኪሱ ጥግ ምስር የምታህል፣ ዳር ዳሯ የጠቆረ ክብ ቀዳዳ ካገኘሁ፣ ያ ሰው አንድ ቀን አባቱን፣ አጎቱን ወይም የንስሐ አባቱን ድንገት መንገድ ላይ አግኝቷል ማለት ነው። ሲያመጡት ታዲያ «አይጥ ናት» ይሉኛል። እኔም «እሺ፣ አይጥ ናት» ብዬ ቀዳዳውን እጥፋለሁ። የቆቦ አይጥ እሳት የምትተፋ ከሆነች ጎብኚው ሁሉ ለምን እኛን ትቶ ላሊበላ እንደሚሄድ አይገባኝም።

ወደ በሩ ልመለስ። ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ አለ። የቆቦን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ጥላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ከደጋ የመጣ እንግዳ ከሚኒባስ ሲወርድ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዘመዱን ቤት ሳይሆን «ጥላ የት ነው?» ብሎ ነው። በዚያ ሠፈር ደግሞ ጥላ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቁርቁራው ሥር። ባጃጅ ነጂው ደንበኛ የሚጠብቀው እዚያ ነው፣ አባት ልጁን የሚጠብቀው እዚያ ነው፣ ልጆቹም ከክፍል ሲወጡ የወደቀ የቁርቁራ ፍሬ የሚለቅሙት እዚያው ነው። አንዱ ፍሬ ይለቅማል፣ አንዱ ጭስ ይለቃል፤ ሁሉም በሰላም ይኖራል።

መምህራኑም አሉበት። መምህራኑ ወደ ቁርቁራው የወጡት በሕግ ነው። በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ «በግቢው ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሕግ አክባሪዎች ስለሆኑ አንድ እርምጃ ወጣ ይሉና እዚያው ይለኩሳሉ። ጽሑፉን የቀባው የሥዕል መምህር እንኳ ሥራውን ሲጨርስ ፊደሉ መስተካከሉን ራቅ ብሎ ለማየት ወጣ፣ ቁርቁራው ሥር ቆመ፣ ዓይኑን ጠበብ አደረገ፣ ከዚያ ሲጋራ ለኮሰ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ሕጉ የብረት በሩ ላይ ያበቃል፤ ጭሱ ግን ፊደል ስላልቆጠረ ተመልሶ ይገባል።

ነገሩ ሲብስ እኛ እናቶች ለወላጅና መምህር ኅብረት አቤት አልን። ስብሰባ ተጠራ። ርእሱም «አዋቂዎች በትምህርት ቤት በር አካባቢ በአደባባይ ማጨስ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም?» የሚል ነበር። እንዲህ ተጊያጊጦ ሲቀርብ ጊዜ ለአንዲት ሲጋራ ሳይሆን ለሁለት አገር ጠብ የተቀመጥን መሰለኝ።

አንድ የባጃጅ ባለቤት መጀመሪያ ተነሣና ዛፉ ከትምህርት ቤቱ እንደሚቀድም አስረዳ። አያቱ በሬ ፈትተው እዚያ ሥር ያርፉ እንደነበር፣ ትምህርት ቤቱ ኋላ መጥቶ አጠገባቸው እንደተጠጋ፣ ስለዚህም መጤው ትምህርት ቤቱ እንጂ አጫሹ እንዳልሆነ በሰፊው ተናገረ። ሌላው ቀበል አድርጎ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ጎብዬ ስለሚነፍስ ጭሱ የኛን ልጆች እንደማይነካ ማለልን። የጎብዬ ልጆች ምን አጠፉ ብዬ ብጠይቅ ከርእስ ወጣሽ ተባልኩ። ሦስተኛው ደግሞ ልጅ ክፉውን አይቶ ነው ደጉን የሚመርጠው አለ። እንዲህ ከሆነማ አንድ ሌባም በር ላይ እንቅጠርላቸዋ፣ ትምህርቱ ይሟላ አልኩ። ሰብሳቢው ሥርዓት እንድይዝ በትሕትና አሳሰበኝ። የሥዕል መምህሩ ጉዳዩ ጥናት ይፈልጋል አለ። ጥናት የሚባል ነገር መቼም የማይገባበት የለም።

ከዚያ ለዕረፍት ወጣን። ወንዶቹ የት የሄዱ ይመስላችኋል? ቁርቁራው ሥር። ጭሳቸውን ማግ ማግ አድርገው ተመለሱና ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲታይ በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይኼ ነው።

ከወንዶቹ መካከል ደግሞ የእናቴ ልጅ ነበረበት። ስዩም ይባላል፤ ታናሼ ነው። በዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እህቱም እናቱም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስቆጣውም ስሳሳለትም በሁለት ሰው ጉልበት ነው። ሰው አይጠላውም፣ ተማሪዎቹም ይወዱታል። ጥፋቱ ያቺ ሲጋራ ናት። በዚያ ሰሞን ግን ከሲጋራም የበለጠ ሐሳብ ይዞት ነበር። ለተብርሃን የምትባል ልጅ ወዷል።

ለተብርሃን የአቶ ሐዱሽ ልጅ ናት። አቶ ሐዱሽ ዘር ማንዘራቸው ከዋጃ ወዲያ ነው፤ ቆቦ ላይ የእህል መደብር ከፍተው ከኖሩ ግን ዘመን የለውም። መደብሩን አሁን የምታንቀሳቅሰው ልጅቷ ናት፤ ቆፍጣና፣ ነገር ቶሎ የሚገባት። አባቷ ደግሞ ሱሰኛ አይወዱም ተብሎ አገር ያወራል። ከዚህ በፊት የመጣን አንድ ጠያቂ ጫት ይቅማል ሲባል ሰምተው ሽማግሌዎቹን ከደጅ መልሰዋል። ስዩም ይህን ሲሰማ ሲጋራውን አልተወም፤ መደበቁን አሻሻለ።

ሽምግልና የላክነው አጎታችንን አያ ይመርን አስቀድመን ነው። አያ ይመር እንኳን ለልጅ ጥየቃ ለደም እርቅም የሚጠሩ ሰው ናቸው። አቶ ሐዱሽ ተቀብለው አስቀመጧቸውና በወጉ ጠየቁ። ዘሩን፣ ሥራውን፣ ጠባዩን። በመጨረሻም ይጠጣል ወይ፣ ያጨሳል ወይ አሉ። አያ ይመር ከመቀመጫቸው ከፍ ብለው፣ ይህ ልጅ ከምድጃ ጭስ በቀር ጭስ አያውቅም ብለው በጺማቸው ማሉ።

አያ ይመር አልዋሹም። ስዩም እሳቸው ባሉበት አጭሶ አያውቅም። መከበር የሚያመጣው ጣጣ ይኼ ነው፤ የተከበረ ሰው ሁሉም ነገር ስለሚደበቅለት ስለ አገሩ የሚያውቀው ነገር የለም። አያ ይመር ስለ ስዩም የማያውቁትን ሁሉ ብትጠይቋት የአንደኛ ክፍሏ ልጄ ፍሬ አጥርታ ትነግራችኋለች፤ ከእሷ የደበቀ የለማ። ግን ማን ሕፃን ሽምግልና ይልካል?

አቶ ሐዱሽ «መክረን እንመልሳለን» ብለው ሸኟቸው። በኛ አገር መክረን እንመልሳለን ማለት ሄደን በዓይናችን እናያለን ማለት ነው። የልጅ አባት አማች ሊሆን ያሰበውን ሰው ሳይነግረው፣ ገበያ የሚያልፍ መስሎ፣ አቋሙንና አካሄዱን ያይለታል። ይህን ስዩምም ያውቃል። ግን በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

እኔ ደግሞ ለሽምግልናው ብዬ ግራጫ ኮት ሰፍቼለት ነበር። እጄ እስኪዝል የሠራሁት፣ ገበሩ የሐር የመሰለ፣ ኪሱ በድርብ ስፌት የተያዘ ኮት ነው። የአዘቦት ቀን ልብሱ አልነበረም። እሱ ግን አላስችል ብሎት፣ ትከሻው ይላመድልኝ ብሎ፣ ለብሶት ትምህርት ቤት ሄደ። በዚያ ሙቀት ኮት! ፍቅር ሰውን ሲይዝ መጀመሪያ የሚነሣው የአየር ጠባይ ዕውቀቱን መሆን አለበት፤ የጂኦግራፊ መምህርም አይምር።

የምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ነው። ስዩም ክፍለ ጊዜ ስላልነበረው ወጥቶ ቁርቁራው ሥር ከነባልደረቦቹ ቆሟል፤ ሲጋራው በእጁ ነው። እኔ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ሳስገባ ቀና ብል፣ በመንገዱ ላይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው የሚመጡት አቶ ሐዱሽ ናቸው። ከወዲህ ሆኜ በመቀሴ ምልክት ሰጠሁት። እጁን አውለበለበልኝ። በሜትሬ ጠቆምኩት። ምሳ ደረሰ የምለው መስሎት ሆዱን መታ መታ አድርጎ መጣሁ አለኝ። እኔ ልጮህ ነው፣ ሰውዬው እየቀረቡ ነው፣ ወንድሜ ሆዱን እየመታ ይስቃል።

ዞር ሲል አያቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እጁ እንጂ ራሱ አላሰበውም። እጁ እንደለመደው ወደ ኪሱ ገባ። ለወትሮው ሲጋራዋን በጣቱ መተር አድርጎ የሚያጠፋባት ጊዜ ነበረችው፤ ያን ቀን አልነበረችውም። የነደደችው ሲጋራ ድርብ ስፌት የሰፋሁበት ኪስ ውስጥ ቀረች።

እጁን እዚያው አቆይቶ አፍኖ ሊያጠፋት ይችል ነበር ትሉኝ ይሆናል። አይችልም። ምክንያቱም ትልቅ ሰው መጥቷል፤ ትልቅ ሰውን አንድ እጅ ኪስ ከትቶ ሰላም የሚል አማች ከሲጋራው በፊት በዚያ ነው የሚባረረው። እጅ በሁለት እጅ ይጨበጣል፣ ወገብ ይሰበራል፣ ራስ ዝቅ ይላል። ስዩምም እንደ ወጉ ሁለቱንም እጁን አወጣ፣ እንደ ወጉ ጎንበስ አለ፣ ኪሱም እንደ ወጉ መንደድ ጀመረ።

የኛን የራያን ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሰላምታ አይደለም፣ የአገር ጉብኝት ነው። አቶ ሐዱሽ እጁን ሳይለቁ እንደምን ዋልህ አሉት፤ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ዘመድ አዝማድ ደህና? አሉት፤ ተመስገን አለ። ከብቱስ? አሉት። ስዩም ከብት የለውም፤ ግን ደህና ናቸው አለ። ማሽላው እንዴት ይዟል? ዝናቡስ? የቆላው ውሃ ደርሷል? ተምቹስ? ወንድሜ ለእያንዳንዱ ተመስገን እያለ ቀኝ ጎኑን ሸሸት ሸሸት ያደርጋል። ላቡ ከግንባሩ ይወርዳል። ከኪሱ አንዲት ቀጭን ጭስ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ኋላ እንደ ገመድ ሆና ወደ ላይ ትወጣለች። ባልደረቦቹ የየራሳቸውን ረግጠው ቁርቁራውን እንደ አዲስ ዛፍ ይመረምራሉ። የሥዕል መምህሩማ አንድ ቅጠል በጥሶ አሸተተ።

ይህን ጊዜ ደወሉ ተደወለና ልጆቹ ወጡ። ፍሬ ከሁሉ ቀድማ፣ ኮዳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። አጎቷን አየች፣ ኪሱን አየች፣ ምንም ሳትደነግጥ፣ «አጎቴ፣ ኪስህ ይጨሳል» አለችው።

«ፀሐዩ ነው» አለ ስዩም። በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ የከፋው ይኼ ነው።

አቶ ሐዱሽ ጃንጥላቸውን ትንሽ ቀና አደረጉ። «የቆቦ ፀሐይ ኪስ ድረስ ይገባል?» አሉት።

ፍሬ መልስ አልጠበቀችም። የኮዳዋን ክዳን ፈታችና የቀረውን ውሃ ኪሱ ውስጥ ቸለሰችበት። ሽሽ አለ። ከዚያ አጎቷ የተወቀሰ መሰላትና ልትከላከልለት፣ ዓይኗን ወደ አቶ ሐዱሽ አንሥታ፣ «ሁልጊዜ ግን አጥፍቶ ነው የሚከታት፤ ዛሬ ረስቶ ነው» አለች።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ያለ ሰው ፍሬን አላወቃትም፤ እሷ ያቦካችው ለሁለት ቤተሰብ በቅቷል። አቶ ሐዱሽ ፍሬን ራሷን ዳበስ አደረጓት፣ የስዩምን እጅ በቀስታ ለቀቁ፣ ጃንጥላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ቢሰድቡት ይሻል ነበር።

ያን ሰሞን ቤታችን ሐዘን የተቀመጠበት መሰለ። ስዩም እህል አልቀምስ አለ። እኔ ኮቱን ሳየው አለቅሳለሁ፣ እሱን ሳየው እናደዳለሁ፤ ፍሬ ኮዳዬን ማን ይሞላልኛል እያለች ትዞራለች። ከሁሉ የከበደኝ የአያ ይመር ነገር ነው። መጡና በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ስዩምን፣ «ስንት ደም ያደረቀ ምላሴን በአንዲት ሲጋራ አስዋሸኸው» አሉትና ዱላቸውን ይዘው ተመለሱ። ያኔ ስዩም አለቀሰ። ወንድሜን ሲያለቅስ ያየሁት እናታችን ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ቀልዴ ጠፋብኝ። ልጅቷን ከልቡ ነበር የሚወዳት።

እንዲህ እንዳለን አቶ ሐዱሽ ላኩብን። ሽማግሌዎቹም፣ ልጁም፣ እኔም እንድንመጣ። የተቆረጠ ነገር ለመስማት የሚሄድ ሰው እንዴት እንደሚሄድ እናንተው ገምቱት። መደብራቸው ውስጥ በማሽላ ኩንታል መካከል ተቀመጥን። ለተብርሃን ከበሩ አጠገብ ቆማለች። አያ ይመር ገና ይቅርታ ሊጠይቁ ሲነሡ አቶ ሐዱሽ እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። እርስዎ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት፣ ጥፋት የለብዎትም አሏቸው። ከዚያ ወደ ስዩም ዞሩ።

«እኔን አይተህ ደበቅህ። እኔ ምን እንዳልሆን ብለህ ነው? ያለቀ ሰው ነኝ። እነዚያ ሕፃናት በየቀኑ ሲያዩህ አላፈርክም። አየህ፣ የምታፍረው ዕድሜው ካለቀው ሰው ነው።»

ስዩም አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ቀጠሉ።

«ልጄን አልከለክልህም። አንድ ነገር ግን አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ ሲያምርህ ቁርቁራው ሥር አይደለም፣ ጓሮም አይደለም። እዚህ ትመጣለህ። እፊቴ ትቀመጣለህ። እኔ እያየሁህ ታጨሳለህ።»

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሰማ ምን ያለ ደግ አማት ይል ነበር። እኛ ግን ፍርዱ ገባን። አያ ይመር እንኳ ዝግንን አላቸው። የኛ አገር ወንድ በአማቱ ፊት ሲጋራ ከሚለኩስ በገበያ ቀን ራቁቱን ከቆቦ ዋጃ ቢሮጥ ይቀለዋል። አቶ ሐዱሽ ሲጋራ አልከለከሉትም፤ የሚያጨስበትን አገር ነው ያሳጡት።

አንድ ጊዜ ግን ሞክሯል። ሱስ ሲጠናበት ሄዶ እፊታቸው ተቀመጠ። ለተብርሃን ነች ያጫወተችኝ። አንዲት ሲጋራ አውጥቶ በጣቱ ያሽከረክራል፣ ያሽከረክራል። አቶ ሐዱሽ ታገሡትና ታገሡትና ከኪሳቸው ክብሪት አውጥተው፣ «እንካ እንጂ ልጄ» አሉት፤ ጠጋም አሉ። ክብሪቱን ሲያይ ላብ በላብ ሆነ። የማሽላውን ጤንነት ጠየቀ፣ የዝናቡን ሁኔታ ጠየቀ፣ ተምቹን ጠየቀ፣ ከዚያ ሲጋራዋን ሳይለኩስ ኩንታል ላይ ረስቷት ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ ሲያምረው ማስቲካ ያኝካል። መንጋጋው ቢያብጥም ሳሉ ለቆታል።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። በሚቀጥለው የኅብረቱ ስብሰባ ላይ እኛ እናቶች ክርክሩን አላስጀመርንም። ዛፉ ይቅደም ትምህርት ቤቱ ይቅደም ግድ የለንም፤ ማስታወቂያም አንለጥፍም አልን። በተማሪ መውጫ ሰዓት አንድ አማት ወይም አንድ አባት በወንበር ቁርቁራው ሥር ይቀመጥ፤ በቃ። ወንዶቹ ተያዩ። ይህን ተቃውሞ መናገር ማለት አማቴን አልፈልግም ማለት ነው፤ የባጃጁ ባለቤት አማት ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። በአንድ ድምፅ ጸደቀ። የመጀመሪያው ተረኛ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም አቶ ሐዱሽን ጠራ። እሳቸውም እምቢ አላሉም።

ብታዩአቸው! ከፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ፣ ጃንጥላቸውን አጥፈው በጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ እንደ ዳኛ ይቀመጣሉ። ተራቸው ሲያበቃ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቢመጡም እሳቸው ወንበሩን አልለቅ አሉ። ከቁርቁራው ሥር አንዲት የሲጋራ ቁራጭ እንኳ ጠፋች። ልጆቹ ፍሬ ይለቅማሉ፣ አቶ ሐዱሽ የበሰለውን ካልበሰለው እየለዩ ያድሏቸዋል። የሥዕል መምህሩ እንኳ ጽሑፉን ራቅ ብሎ የማየት ፍላጎቱ ቀርቷል። ስለዚህ አዋቂ በትምህርት ቤት በር ያጭስ ወይስ አያጭስ ለሚለው ታላቅ ጥያቄ የኔ መልስ አጭር ነው። ያጭስ፤ አማቱ እያዩት።

የሠርጉ ቀን ሲቃረብ ለተብርሃን ሱቄ መጣች። የአባቷን ኮት ይዛለች። እንዲጠብብላቸው ይሆናል ብዬ ስቀበላት ቀኝ ኪሱን ገልብጣ አሳየችኝ። ገበሩ ላይ ጥፍ፣ በጥፉ ላይ ጥፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገና ያልተጣፈች፣ ምስር የምታህል፣ ዳር ዳሯ የጠቆረ ክብ ቀዳዳ።

«ከማን ነው የሚደብቁት?» አልኳት፤ አባታቸውም አማታቸውም ዱሮ አርፈዋል።

«ከእኔ» አለች። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ እኔ ስመጣ ነው ኪሱ የሚከተው። ልጄ አይታኝ አታውቅም ብሎ ይምላል። ልብስ መጣፍ የለመድኩት በዚህ ኪስ ነው፣ እትዬ ዘውዴ። እሱ እናቴ የምትጥፍለት ይመስለዋል፤ እናቴ ደግሞ አይጥ ናት ትላለች።»

ያኔ ነው ክብሪቱ ትዝ ያለኝ። የማያጨስ ሰው ክብሪት በኪሱ ምን ይሠራል? ጠጋስ ማለት ለምን አስፈለገ? ለካ እዚህ ናና እፊቴ አጭስ ያሉት ወንድሜን ሊቀጡት ብቻ አልነበረም፤ አብሯቸው የሚያጨስ ሰው አጥተው ኖረዋል። ምስኪን! ስዩም ደግሞ ማሽላ ጠይቋቸው ወጣ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ ታዲያ ዛሬ ምን አመጣሽ፣ እስካሁን ስትጥፊ ኖረሽ የለም ወይ አልኳት።

ለተብርሃን ኮቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «የእሱን ላንቺ ላስረክብሽ ነው። ከእንግዲህ የስዩምን ኪስ የማየው እኔ ነኝ፤ የሁለት ወንድ ኪስ መጣፍ አልችልም።»

ቆፍጣና ናት ብያችሁ የለ? ተቀበልኳት። አሮጌውን ጥፍ ሁሉ አወጣሁና ኪሱን እንደ አዲስ ሰፋሁት። ጨርቁን የወሰድኩት ከተማሪዎቹ ዩኒፎርም ትራፊ ነው፤ ፍሬ የምትለብሰውን፣ ያንኑ ሰማያዊ።

በማግስቱ አቶ ሐዱሽ ኮታቸውን ለብሰው ቁርቁራው ሥር ተቀመጡ። ደወሉ ሊደወል ሲል ቀኝ እጃቸው እንደለመደው ወደ ኪሳቸው ገባና ቆም አለ። ገበሩን ሳብ አድርገው አዩት። ሰማያዊውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እየወጡ ያሉትን ልጆች አዩ። ከዚያ ተነሥተው ጃንጥላቸውን እየተመረኮዙ ወደ ሱቄ መጡ። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ከብቴን ሁሉ ጠየቁኝ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይቺ ኪሴ አዲስ ሆናብኛለች፣ ምን አግኝቷት ነው አሉኝ።

እጄን አጣጥፌ ቆምኩላቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ትልቅ ሰው ይከበራል።

«አይጥ ናት፣ ጋሼ» አልኳቸው።